ዓሣ ቢላዋ አያውቅም

እኔ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እናቴ «መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት» ትለኝ ነበር። ምፅዋ ሳለሁ ይሄ ነገሬ እንደ ጉድ አይታይም፤ ባሕር ዳርቻ ያደገ ሰው ሁሉ ነፋሱ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ጭሮ ስመጣ ነው የታወቀብኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይዬ ሳይቀርብ ተነስቼ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። አስተናጋጁ መጨረሻ ላይ ቆሜ እንድጠጣ በሩ ላይ ያቀብለኝ ጀመር።

ጭሮ ያመጣኝ እንጀራ ነው። መካኒክ ነኝ፤ በደርግ ጊዜ ለመንገድ ሥራ ካምፕ መኪኖች ተመድቤ መጣሁ። ወረቀቱ ላይ አሰበ ተፈሪ ይላል፣ ሰዉ ጭሮ ይላል፣ እኔ ለሁለቱም ባዳ ነበርኩ። ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ ተዘግቷል። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ይኑር ይሙት የሚነግረኝ ሰው ካጣሁ ቆይቷል።

በእኛ በኩል ወቅቱ የተገለበጠ ነው። ጭሮ በሐምሌ ዝናብ ስትርስ ምፅዋ በሐምሌ ትነድዳለች። አሸዋ ያዘለ ትኩስ ነፋስ ዓይን አያስገልጥም፣ ዓሣው ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ አጥማጁ ጀልባውን አስሮ ጥላ ሥር ተጋድሞ መረቡን ይጠግናል። የእኛ ዝናብ የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ በረድ ይላል፣ ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል፣ በጠዋት የወጣ ጀልባ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ጭሮ ላይ ኅዳር ሲገባ፣ ሰው ማሽላውን ሲያጭድ፣ እኔን እግሬን ይበላኛል። ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጥቼ ጣቴን በምራቅ አርሼ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አያለሁ። ኧረ ከፈለገው ይንፈስ! ተራራ ላይ ላለ ሰው ምን ሊሠራለት? ግን አያለሁ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሰው ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸው ሽማግሌ የጫት ነጋዴ ነበሩ። ከገለምሶና ከበደሳ የሚመጣውን ጫት ተረክበው፣ ለይተውና አስረው ወደ ድሬዳዋ ይልካሉ። ጫት ደግሞ የሚያስቀምጥ ሥራ አይደለም፤ ካደረ ገለባ ነው። እሳቸውም እንደኔ ላይ ታች ሲሉ የሚውሉ ስለሆኑ ቶሎ ተግባባን። አማርኛቸው ኦሮምኛ የገባበት ነው፤ ሲቆጡኝ «እርስዎ»፣ ሲወዱኝ «አንተ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ስቃዥ፣ የዚያን ቀን ጫታቸውን ለሰው ትተው ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ ዋሉ። ስነቃ «ኢልማ ኮ፣ ነቃህ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም «አባ» አልኳቸው።

አንድ ነገር ግን በመካከላችን ነበር። ሥጋ። ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ የእስላም ሥጋ አለ፣ የክርስቲያን ሥጋ አለ። ዳቦውን፣ ማሩን፣ ሻዩን አብረን እንቀምሳለን። በዓል መጥቶ ትሪው ሲቀርብ ግን እሳቸው ወደ ቤታቸው እኔ ወደ ክፍሌ። በኢድ ዶሮ ከነነፍሷ ይልኩልኛል፣ «የናንተ ሰው ይረድልህ» ብለው። ዶሮዋን በክንፏ ይዤ አራጅ ፍለጋ ከተማውን ስዞር፣ ከግቢያቸው የሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ ስትሸኘኝ ማዕተቤን በእጇ ይዛ «በስመ አብ ካልተባለበት ሥጋ አፍህ አይግባ» ብላ አስምላኛለች። መሐላ መሐላ ነው። ግን ከዶሮ ጋር ብቻዬን በዓል ማክበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴን ያባባው ነበር።

ምፅዋ ለዚህ መላ ነበራት። ዓሣ። የእኛ አጥማጆች እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። «ዓሣ ቢላዋ አያውቅም» ይላሉ። ከውሃ ወጥቶ በራሱ ይሞታል፣ አራጅ የለውም፣ አራጅ ከሌለው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባቴ ጢሙ በጨው ነጥቶ ትሪው ዙሪያ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ እኔ ከጎኑ ነኝ። እሾሁን እየለቀመ ነጩን ብቻ ወደኔ ይገፋል። ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ እንኳ አልተወም፤ «አንተ ትቸኩላለህ፣ ታንቀህ ትሞትብኛለህ» ይላል። የሸኘኝ ቀን ምሳ ላይም ለቀመልኝ። «እዚያ እሾህ የሚለቅምልህ የለም፤ ቀስ ብለህ ብላ» አለኝ። ቀስ! ለእኔ!

እንግዲህ አባ የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ቀኑ የተቆረጠው በሐምሌ ነው፤ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ረመዳን ሳይገባ፣ በሁለት ጾም መካከል ባለች ጠባብ ቀዳዳ። አንድ ምሽት ጠሩኝ።

«ድንኳን ሁለት ነው» አሉኝ። «በሬ ሁለት ነው። የናንተን የናንተ ሰው ያርዳል። ሁሉ አለቀ። አንተ ግን የት ነው የምትቀመጠው?»

«እንግዲህ ከካምፕ ሰዎች ጋር…»

«ለሙሽራው ወገኖች፣ ለድሬዳዋ ሰዎች፣ የሙሽራዋ ወንድም ነው ብያለሁ። ወንድም እንግዳ ድንኳን ይቀመጣል? አባቷ ትሪ ላይ ልጁ ከሌለ ሰው ምን ይላል?» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዓሣ አመጣለሁ አባ! ከእርስዎ ትሪ ነው የምበላው» አልኳቸው።

«ዓሣ» አሉ አሰብ አድርገው። «ቁርጡሚ። ሰርዲን በልቻለሁ እኮ። ጭንቅላት የለውም።»

«ሰርዲንማ ቆርቆሮ ነው። እውነተኛ ዓሣ ነው የማመጣልዎ። ዓሣ ቢላዋ አያውቅም አባ!»

«ማሻአላህ፣ እንደዚያ ነው የሚለሰልሰው?» አሉ። እኔ በገዛ ወሬዬ ሞቆኝ ስለነበር ምን እንዳሉ ልብ አላልኩም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ክፍሌ ገብቼ ነው ሐምሌ መሆኑ ትዝ ያለኝ። በሐምሌ ዓሣ ከየት? ጨዋማው ውሃ ነድዷል፣ ጣፋጩ ውሃ ደፍርሷል። ለካስ የዓመቱን ክፉ ወር መርጬ ነው የማልኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ባቡሩን ነው። ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ወርጄ፣ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ሸቀጥ የምታመጣ አንዲት ነጋዴ አገኘሁ። «በጨው ታሽቶ ይምጣልኝ፣ ቅርፊት ያለው ይሁን» ብዬ ለመንኳት። እየሳቀች ሄደች፣ እየሳቀች ተመለሰች።

«አጥማጆችህ ጀልባቸውን ገልብጠው ከሥሩ ተኝተዋል» አለችኝ። «ነፋሱ ፊት ይልጣል። የተገኘውም ድሬዳዋ ሳይደርስ ገምቶ ሰው ከፉርጎ ያስወርዳል። ማካሮኒ ላምጣልህ?»

ደሜ ፈላ፤ ግን በምን አፌ ልቆጣት? ያው የእኛ ባሕር ነው፣ ያው የእኛ ነፋስ ነው። እሷ ስትነግረኝ አባቴ ጥላ ሥር ተጋድሞ ታየኝ። ይኑር ይሆን ብዬ አሰብኩና ወዲያው ተነስቼ ሄድኩ።

የቀረው አዋሽ ነው። መረብ ነበረኝ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ አይሆንለትምና ማታ ማታ በናይለን ክር ስሠራው የከረምኩት። ያን መረብ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ ስፈትሸው የቀበሌው ወጣቶች አይተው ደስታቸው! የመረብ ኳስ ሊጫወቱበት መጡ። «የዓሣ ነው» ብላቸው «ምን ዓሣ? የት አለ ዓሣ?» ብለው ሳቁብኝ። ቀኑ ሲደርስ ከካምፕ ፈቃድ ወስጄ፣ መረቤንና አንድ በርሜል ይዤ በጭነት መኪና ወረድኩ። የካምፑ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ጾም የማይገድፍ ጥብቅ ክርስቲያን፣ በርሜሉን ሲያስረክበኝ «ለዓሣ ብለህ እንዳትሰምጥ» አለኝ። እሱም ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር።

አዋሽ በሐምሌ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ይንደረደራል። ግንድ ይዞ ይመጣል፣ ቁጥቋጦ ይዞ ይመጣል። እኔ የባሕር ሰው ነኝ ብዬ የለ? ዳሩ ላይ ቆሜ እስኪሸሽ ጠበቅሁት። ባሕር ይሞላል፣ ባሕር ይሸሻል፤ ሲሸሽ መረብህን ትጥላለህ። ቆምኩ፣ ቆምኩ፤ እንኳን ሊሸሽ ጭራሽ ወደ እግሬ መጣ። ፍየሎቿን የምታጠጣ አንዲት የከረዩ ሴት ታየኛለች።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«እስኪመለስ።»

«ወንዝ ይመለሳል እንዴ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም አፈርኩና ሳቅኩ።

መረቤን ጣልኩት። አንድ ጊዜ ግንድ ቀደደው። ሰፍቼ ደግሜ ጣልኩት፣ ከበደኝ፣ ጎተትኩ። አምባዛ! ጢማም፣ ልሙጥ፣ ቅርፊት የሌለው። አዋሽ ሲደፈርስ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው፣ የእኛ ሰው ደግሞ ቅርፊት የሌለውን አይበላም። እሱን ይዤ ብሄድ ከአባ ትሪ ብቀመጥም አልበላም። መረቤን በእርግጫ አልኩት። ሠርጉ ነገ ነው፣ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነው፣ ዓይኔ ሥር የአባ አንገት መድፋት ይታየኛል።

ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በበትሯ ከወንዙ ራቅ ወዳለ ጥቁር ድንጋይ እያመለከተች «ቡርቃ፣ ቡርቃ» አለች። ምንጭ ማለቷ ነው። ሄድኩ። እግዚአብሔር ይስጣት! ከድንጋዩ ሥር ለብ ያለ ውሃ እየፈለቀ የተጠራቀመበት ኩሬ፣ ክረምቱ ያላደፈረሰው፣ ታችኛው ጠጠር የሚታይ። ውስጡ ቆሮሶ የሚሉት ባለ ቅርፊት ዓሣ ይርመሰመሳል። ቅርፊቱ ሲያብረቀርቅ ሳይ እንደ እብድ ብቻዬን ጮህኩ። መረቤን ጣልኩ፣ ለአንድ ትሪ የሚበቃውን ያህል ያዝኩ፣ በርሜሉን በራሱ በኩሬው ውሃ ሞልቼ አኖርኳቸው። እዚያው ከበርሜሉ ጎን አደርኩ፤ መተኛት አልለውም።

ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ በሚወጣ መኪና ጫንኳቸው። እስከ ጭሮ ድረስ ከኋላ ቆሜ በርሜሉን አቅፌ ነው የመጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ውሃው ሲፈስስ እኔ እርሳለሁ፣ ዳገቱ ላይ ሾፌሩ ሲያዘግም እኔ ጣሪያውን እደበድባለሁ። ሚኤሶ ላይ ግማሹን ውሃ ቀየርኩላቸው። «ምን ሆነህ ነው? ሙሽራው አንተ ነህ?» አለኝ ሾፌሩ። «ንዳ!» አልኩት።

ግቢው ስንደርስ ድንኳኖቹ ተጥለዋል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ድስቱ ይንተከተካል። በርሜሉን ጥግ አስቀምጬ ለአባ ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ነፍስ ያላቸውን ዓሦች በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። «ሱብሃነላህ!» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ ስለነበርኩ ግቢው ደግሞ በሰው ተሞልቷልና ልታጠብ ወደ ካምፕ ሮጥኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያኔ አልታሰበኝም።

ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ስመለስ ሰው ከቦ ቆሟል። ከመሃል አባ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቢላዋ ይዘው፣ ፊታቸው በላብ ያበራል። የእኔ ዓሦች ቅጠል ላይ በተርታ ተኝተዋል፣ ራሳቸው ወደ ቂብላ ዞሯል፣ ሁሉም ከጉሮሯቸው ላይ ተቆርጠዋል።

«ደረስኩልህ!» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፣ አንዱ በጀርባው ተገለበጠ፣ ነፍሳቸው ልትወጣ ነው! በክት ሊሆኑብህ! ሮጥኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ አንድ በአንድ። ወላሂ አንድም አላመለጠኝም። አንገት ግን የላቸውም ለካ፣ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።»

 እንደ ልማዴ ጮህኩ። «ምን አደረጉኝ አባ! ቢላዋ አያውቅም ብዬ ነግሬዎት አልነበረም?»

«ይለሰልሳል ማለትህ መስሎኝ…» አሉ፤ ድምፃቸው አነሰ።

ግምጃ ቤት ኃላፊው ከክርስቲያኑ ድንኳን ወጥቶ አጠገቤ ቆሟል። ክንዴን ያዘኝ። «በቃ፣ ቢስሚላህ ተብሎበታል። የእኛ አይደለም። ና ወደ ድንኳናችን፤ አታስቀይማቸው፣ ዝም ብለህ ና።»

ከትልቁ ድንኳን ደግሞ ኒካሁን ሊያስሩ የመጡት ሼኽ ነገሩን ሰምተው እየሳቁ መጡ። «ሐጂ፣ ዓሣ ይታረዳል እንዴ? የባሕር ነገር ሞቶም ሐላል ነው!» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባ ብቻ አልሳቁም። ቢላዋውን መሬት አስቀመጡና የጫት ማሰሪያ ገመድ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ ከእኔ ጋር እንዲበላ ያመጣውን በእጄ ከለከልኩት» አሉ። «ለውሻ ስጡት።» በልጃቸው ሠርግ ቀን ዓይናቸው እንባ ሞላ።

እኔ ከበሩ ወጣሁ። ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ። ማዕተቤን እጨብጣለሁ፣ እለቃለሁ። የእናቴ እጅ እዚያው ክሩ ላይ ያለ ይመስለኛል። አባቴስ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር? እሱ ከጓደኞቹ ጋር ስንት ዘመን ሲበላ «ማን ያዘው?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል እንጂ «ማን አረደው?» ብሎ አያውቅም። ለምን አይጠይቅም? አራጅ ስለሌለ። ይሄ ነገር ሲመጣልኝ ተመልሼ ሼኹ ፊት ቆምኩ።

«ሼኽ፣ ይንገሩኝ፤ ዓሣ ይታረዳል?»

«አይታረድም አልኩ እኮ።»

«ቢላዋ ቢያርፍበትም?»

«መቶ ቢላዋ ቢያርፍበት።»

ወደ አባ ዞርኩ። «ሰሙ? አልታረዱም። ቆስለዋል እንጂ አልታረዱም አባ! የቆሰለ ዓሣ ደግሞ እንበላለን።»

ሼኹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግምጃ ቤት ኃላፊው ግን አልሳቀም። «ነገር ጠመዘዝክ» አለኝ።

«ጠመዘዝኩ!» አልኩት። «ጠምዝዤም አንድ ትሪ አገኘሁ። አንተ በሬህን ብላ።» ራሱን እየነቀነቀ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ፤ እኔም አልለመንኩትም።

ሴቶቹ ዓሣውን ጠበሱት። ትሪው አባ ፊት ቀረበ፣ እኔ ከጎናቸው በርከክ አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም፣ አንገታቸውን ደፍተው ይመለከቱኛል። እኔ አንዱን አንስቼ በልማዴ በችኮላ እሾሁን መንቀል ጀመርኩ።

«ምንድን ነው የምትለቅመው?» አሉኝ።

«እሾህ ነው አባ።»

«እሾህ? ውሃ ውስጥ እሾህ አለ?»

«አለ። ሰው ያንቃል።»

ከእጄ ነጠቁኝ። ከውጭ የሙሽራው ሰዎች መኪና ጥሩምባ እየነፋ ደረሰ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሰው «ሐጂ! ሐጂ! ኑ ተቀበሉ!» ይላል። ንቅንቅ አላሉም። ዕድሜ ልኩን ጫት ሲለይ የኖረ ጣት ነው፤ ለጋውን ከገለባው እንደሚለዩ እያገላበጡ፣ ወደ ብርሃን እያነሱ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀሉ ትሪው ጠርዝ ላይ ደረደሩት። እኔም የዚያን ቀን ተቀመጥኩ። እግሬ አልበላኝም፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አላየሁም። ጨረሱና ነጩን ጠቅልለው ወደ አፌ አመጡት።

«ብላ ኢልማ ኮ፤ አይቼዋለሁ፣ እሾህ የለውም።»

ጎረስኩ። አንዲት ቀጭን እሾህ አምልጣቸዋለች፣ ጉሮሮዬን ያዘችኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አለው እንዴ?» አሉኝ ደንግጠው፣ አፍ አፌን እያዩ።

«የለውም አባ» አልኩና ዋጥኳት።